እንጀራ ልተው ወይስ ዘይት ልቀንስ? ክብደት ለመቀነስ ስታስቡ የቱን መንገድ ብትመርጡ ይሻላችኋል

ይሄን ምጽፈው ሁለቱንም መንገድ በራሴ ስላየሁት ነው። የመጀመሪያው ለሰርጌ ብዬ በ7 ሳምንት 9 ኪሎ የቀነስኩበት ነው፣ እንጀራ ክልክል፣ እራት ክልክል፣ ምሳ ላይ ሰላጣና የተቀቀለ እንቁላል ብቻ፣ ማታ ማታ ራሴን እያዞረኝ ነበር ምተኛው፣ ቬሎው ልክ ሆነልኝ ፎቶውም አማረ፣ ከዛ ሰርጉ አልፎ ዓመት ሳይሞላው 9ኙም ኪሎ ሌላ 3 አስከትሎ መጣ። ሁለተኛው ልጄን ከወለድኩ በኋላ የጀመርኩት ነው፣ 11 ኪሎ ለመቀነስ 14 ወር ፈጀብኝ፣ ሰው ራሱ ለውጡን ያስተዋለው በ6ኛው ወር ነው፣ ግን ይኸው 4ኛ ዓመቱን ይዟል፣ 2 ኪሎ ወጣ ወረደ ከማለት በቀር አልተመለሰም። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ጉብዝና አይደለም፣ እንዳውም ይበልጥ የጨከንኩት በመጀመሪያው ላይ ነው። የተለየው የመረጥኩት ነገር ነው።

ስለዚ ሰው ሁሌ ሚጠይቃቸውን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጬ የራሴን ፍርድ እሰጣለሁ። ምለካበት ጥያቄ አንድ ነው፣ ይሄን ነገር ከ3 ፋሲካ በኋላም አደርገዋለሁ ወይ? ፋሲካ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፣ ሁዳዴ ተጹሞ፣ በፋሲካ ተበልቶ፣ ሰርግ ተጠርቶ፣ ለቅሶ ተደርሶ፣ ታሞ ተድኖ ሚቀጥል ልማድ ካልሆነ ኪሎው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሚመለሰው ደግሞ ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም፣ ይሄን በጣም ልታምኑኝ ይገባል። ሰውነት ስብ ሲያልቅበት ረሃብ የመጣ ነው ሚመስለው፣ ጥጋብን ለአንጎል ሚናገረው ሌፕቲን ሚባለው ሆርሞን ይወርዳል፣ ራብ ሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 አውስትራሊያ ውስጥ 50 ሰዎች ለ10 ሳምንት በጣም ትንሽ ካሎሪ እየበሉ ከከሱ በኋላ ሲከታተሏቸው ዓመት ሞልቶም ሆርሞኖቻቸው ወደ ድሮው አልተመለሱም፣ ራቡም ከድሮው በላይ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ውድድር ላይ በጥቂት ወር ብዙ ኪሎ የጣሉ 14 ሰዎች ደግሞ ከ6 ዓመት በኋላ ሲለኩ ሰውነታቸው በዛ ክብደት ከሚጠበቀው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያነሰ ነበር ሚያቃጥለው፣ አብዛኞቹም መልሰው ወፍረዋል። ስለዚ ሰርግ ደርሶ ሚያልቅ ነገር ስትመርጡ ትግሉን ምትጀምሩት ዲያቱ ያለቀ ቀን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ትንሽ መቀነስ ትንሽ ጥቅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአሜሪካኖቹ ትልቅ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ላይ ከ3,000 በላይ ሰዎች ነበሩበት፣ ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሰዎች ስኳር ሚይዛቸው ዕድል በ58 ከመቶ ቀነሰ፣ ሜትፎርሚን ሚባለው የስኳር መድሃኒት የተሰጣቸው ደግሞ በ31 ከመቶ። 85 ኪሎ ለምትመዝን ሰው 7 ከመቶ ማለት 6 ኪሎ ነው። 6 ኪሎ! 25 ኪሎ ካልቀነስኩ ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

እንጀራ መተው ወይስ ወጡን መቀየር

እዚህ ላይ ረዘም አርጌ ነው ምሄደው፣ ምክንያቱም እኛ ቤት ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ሰው ልክሳ ሲል መጀመሪያ እንጀራን ነው ሚያባርረው። እንጀራ ግን ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውሃ ነው፣ ጤፉ ደግሞ ከማነሱ የተነሳ ገለፈቱ ሳይለይ ሙሉው ነው ሚፈጨው፣ ስለዚ አሰር (ፋይበር) አለው፣ እኔን ከነጭ ዳቦና ከፓስታ የተሻለ ያጠግበኛል። ጥፋቱ የብዛቱ ነው፣ ያ ብዛት ደግሞ ሚመጣው ከወጡ ነው። ቅባት በግራም 9 ካሎሪ ነው፣ ስኳርና ዱቄት በግራም 4፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ነው። ቅቤም ያው ነው፣ አበሻ ቅቤ ስለሆነ አይቀንስም።

እኔ ያደረኩት እንዲህ ነው። የ5 ሊትር ዘይት ጀሪካን ስንገዛ የከፈትንበትን ቀን በማርከር ጻፍኩበት። ቤት ውስጥ 4 ነን፣ እኔ ባለቤቴ ልጃችንና እናቴ። ወር ሳይደፍን አለቀ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው 5 ሊትር ዘይት ወደ 41 ሺህ ካሎሪ ነው፣ ለ4 ሰው ለ30 ቀን ስታካፍሉት በነፍስ ወከፍ በቀን 340 ካሎሪ ይመጣል፣ ያውም ሳናየው ወጡ ውስጥ ገብቶ፣ ውጪ ሚበላው ሳይቆጠር። እንጀራዬን እየቆጠርኩ ስጨነቅ የኖርኩት ሴትዮ ዘይቱን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም ነበር።

ከዛ ቀን ጀምሮ ከጀሪካን ቀጥታ ድስት ውስጥ ማንቆርቆር ቀረ። በቡና ሲኒ ነው ሚለካው። አንድ ሲኒ 600 ካሎሪ አካባቢ ይይዛል፣ ለ2 ቀን ሚበቃ ምስር ወጥ ድሮ 3 ሲኒ ሚሆን ነበር ምጨምርበት፣ አሁን 1 ሲኒ። ጣዕሙ ሚድነው በቁሌቱ ነው፦ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በለዘብተኛ እሳት፣ ድስቱን ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ታቁላሉታላችሁ፣ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ውሃው መጦ ቀላ ሲልና ሽታው ሲለወጥ በርበሬውን ከትንሽ ውሃ ጋር ታስገባላችሁ፣ ዘይቱ መጨረሻ አካባቢ ነው ሚገባው። ለዶሮ ወጥ እናቶቻችን ሽንኩርቱን በደረቁ ነበር ሚጀምሩት እኮ፣ አዲስ ነገር አላመጣሁም። እማዬ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ድስቱን ከፍታ አይታ «ልጄ ይሄ ወጥ እኮ ገና አልበሰለም፣ ዘይቱ ፊቱ ላይ መች ወጣ» አለችኝ። እሷ ጋር መከራከር አልፈለግኩም፣ ቅመሺው ብቻ አልኳት፣ ቀመሰች፣ ጨው ጨመረችና ዝም አለች። በ3ኛው ወር ጎረቤት ቤት በልታ መጥታ «ዘይቱ ልቤን ያዘኝ» ስትል ምላሳችን ራሱ እንደተለወጠ ገባኝ።

አሁን 5 ሊትሩ ወር ሞልቶ ወደ 2 ሊትር ይተርፋል። ይሄ ለአንድ ሰው በቀን 135 ካሎሪ አካባቢ ማለት ነው፣ ማንም ሳይራብ፣ ማንም ዲያት ላይ ነኝ ሳይል፣ በዛ ላይ በዚህ የዘይት ዋጋ ኪስም ይተነፍሳል።

ለማነጻጸር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ስታንፎርድ ያወጣው ጥናት ላይ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ቅባት ግማሾቹን ደግሞ ዱቄትና ስኳር ነክ ነገር አስቀንሰው ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር፣ የቅባቶቹ በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ የሌሎቹ 6 ኪሎ ቀነሱ፣ ማለት ይሄ ነው ሚባል ልዩነት የለም። በሁለቱም በኩል ግን በጣም የቀነሱም ጭራሽ የጨመሩም ነበሩ። እኔ ከዚህ የተረዳሁት የቱን ጣልክ ሚለው ሳይሆን የጣልከውን ነገር ሳትናፍቅ መኖር ትችላለህ ወይ ሚለው እንደሚበልጥ ነው። እኔ እንጀራ እናፍቃለሁ። ሦስተኛ ሲኒ ዘይት ግን ናፍቆኝ አያውቅም። እንጀራ ሳይበላ ውሎ ቅር ማይለው ሰው ካለ ደግሞ ይተው፣ ለሱ ያ ይሆነዋል።

ስለ ብዛቱ ካነሳን፣ ትሪ ላይ አብሮ መብላትና በሰሃን መብላት ሌላው ምርጫ ነው። በሰሃን ምን ያህል እንደበላችሁ ታያላችሁ፣ ትሪ ላይ አይታይም፣ ጉርሻው አለ፣ ተጨመረ፣ ወጥ ሲያልቅ እንጀራ፣ እንጀራ ሲያልቅ ወጥ። ግን አብሮ መብላትን ከቤቴ ላስወጣ አልፈልግም፣ ባህላችን ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ልጄ አትክልት መብላት የተማረችው እዛው ትሪ ላይ ስለሆነ ነው። ስለዚ ማታ ትሪ፣ ምሳ ላይ ደግሞ ቢሮ በምሳ ዕቃ። ትሪው ላይ መሃሉን ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ስር፣ ሰላጣ ይይዘዋል፣ ወጡ ጠርዝ ላይ በጭልፋ ይደረጋል፣ ሌማቱ ራቅ ይላል። ሌማቱ እጅ ላይ ካለ ሁሌም አንድ ይጨመራል፣ ተነስቶ ማምጣት ካለበት ግን ሰው ያስብበታል። ፍርፍር ደግሞ እንጀራን በእንጀራ መብላት ስለሆነ በሳምንት አንዴ፣ እሁድ ጠዋት ብቻ ነው ምንሰራው፣ ከነሙሉ ደስታው።

ሽሮን ግን አትንኩብኝ። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ ፕሮቲንም አሰርም ስላላቸው ሆድ ይዘው ይቆያሉ፣ ልክሳ ብሎ ሽሮ ትቶ ብስኩት ሚበላ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል።

ሰዓት ገድቦ መብላት ወይስ ሦስቴ ትንሽ ትንሽ

አሁን ሁሉም ሰው 16 ሰዓት ጾሜ በ8 ሰዓት ውስጥ ነው ምበላው ይላል። ይሰራል? ይሰራል፣ ግን ተአምር ስላለው አይደለም፣ ሚበላበት ሰዓት ስላጠረ ጠቅላላ ሚበላው ስለሚያንስ ነው። ቻይና ጓንግዡ ውስጥ 139 ሰዎች ላይ ዓመት የፈጀ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል፣ ሁሉም ካሎሪ ቀንሰው እየበሉ ግማሾቹ በተጨማሪ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበሉ ተደረገ፣ እነሱ 8 ኪሎ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ፣ ልዩነቱ ግን ይሄኛው ይበልጣል ለማለት ሚያበቃ አልሆነም።

እኛ ደግሞ ጾም እናውቃለን። ረቡዕና አርብ አለ፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሙስሊም ወንድምና እህቶቻችን ረመዳን አላቸው። ጾም ለነፍስ ነው፣ ለኪሎ ብሎ ሚጾም ሰው ሁለቱንም ያጣል ብዬ ነው ማስበው። ሆኖም ጾሙ ላይ ሰው ለምን እንደሚወፍር አይታችኋል? እስከ 9 ሰዓት ተቆይቶ ሲፈታ መጀመሪያ አፍ ሚገባው ፓስቲ፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ነው፣ የጾም ወጥም ስጋ የለውም ተብሎ ዘይቱ ይጨመርበታል። ስለዚ ምጾሙ ሰዎች ሰዓቱን ሳይሆን የመጀመሪያውን ሳህን ነው መቀየር ያለባችሁ፣ እኔ ሁዳዴ ላይ መጀመሪያ ትኩስ ሾርባ ወይ የበሰለ ጎመን ከምስር ጋር በልቼ 10 ደቂቃ ቆይቼ ነው ወደ ሌላው ምሄደው፣ ያኔ ፓስቲው ያን ያህል አይጣራም።

ማትጾሙ ከሆነ ደግሞ ምርጫው እንደ ፀባያችሁ ነው። ጠዋት ማይርበው፣ ቁርስ ግዴታ ስለመሰለው ብቻ ሚበላ ሰው ሰዓት መገደቡ ይቀለዋል። ሲርበው እጁ ሚንቀጠቀጥ፣ ሚቆጣ፣ ምሳ ላይ ደርሶ ሁለት ሰው ሚበላውን ሚበላ ሰው (እኔ እንደዛ ነኝ) ቁርሱን ይብላ፣ ገንፎም ቢሆን እንቁላልም ቢሆን። የስኳር መድሃኒት ወይ ኢንሱሊን ምትወስዱ፣ እርጉዞች፣ ምታጠቡ እናቶች ግን ሐኪም ሳታማክሩ ይሄን እንዳትሞክሩት፣ መድሃኒት ወስዶ አለመብላት ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል።

ሚጠጣው

ከምግብና ከሚጠጣ ነገር የቱን ልቀንስ ካላችሁኝ አላመነታም፣ ሚጠጣውን። ሆድ ፈሳሽ ካሎሪን እንደ ምግብ አይቆጥረውም፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጥቶ ምሳውን ሚቀንስ ሰው አላየሁም። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ከ25 ግራም በታች ቢሆን ደግሞ ይበልጥ እንደሚሻል ይመክራል። 300 ሚሊ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም አካባቢ ነው። ሻይ በ3 ማንኪያ ስኳር በቀን 4 ጊዜ ምትጠጡ ደግሞ 48 ግራም ሻይ ላይ ብቻ ጨረሳችሁ።

እኔ ስኳሩን ያወረድኩት አንዴ አይደለም፣ ከ3 ማንኪያ ወደ 2 ተኩል፣ ወር ቆይቶ ወደ 2፣ እንዲህ እያለ አሁን ግማሽ ነው፣ ቡናዬን ያለ ስኳር። ባለቤቴ በአንድ ቀን ላቁም ብሎ 9 ቀን ቆይቶ ተመለሰ፣ ከዛ በኔ መንገድ ሲሄድ ቻለው። ጁስ ቤት ስትገቡ ስፕሪስ ያለ ስኳር በሉ፣ አቮካዶና ማንጎ ራሱ በቂ ነው፣ ካላላችሁ ሽሮፕ ይገባበታል። ከተቻለ ግን ፍሬውን ብሉት፣ አንድ ብርቱካን ያጠግባል፣ የ4 ብርቱካን ጭማቂ ግን በሁለት ትንፋሽ ያልቃል። ቢራ ምትጠጡ ደግሞ አንዱ ጠርሙስ 140 ካሎሪ አካባቢ ስለሆነ 4 ቢራ ከአንድ ምሳ አይተናነስም፣ ጥብሱ ሳይቆጠር።

ጂም ወይስ እግር

የ6 ወር ጂም አንዴ ከፍዬ 11 ቀን ነው የሄድኩት። ከቢሮ ወደ ጂም ታክሲ፣ ከጂም ወደ ቤት ታክሲ፣ ልጅ ይጠብቀኛል፣ አልሆነም። ጎረቤቴ ግን በሩ ላይ ያለ ጂም 5 ዓመት ሙሉ አልቀረችም። ስለዚ ጂም ጥሩ ነው ወይ ሚለውን ተዉትና ከቤት ወይ ከስራ በእግር ስንት ደቂቃ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ከሆነ እኔ ብሆን አልከፍልም።

እንቅስቃሴ ለብቻው ግን ብዙ ኪሎ አይቀንስም፣ ይሄን ሰው አይነግራችሁም። 70 ኪሎ ምትመዝን ሴት 30 ደቂቃ ፈጠን ብላ ብትራመድ 130 ካሎሪ አካባቢ ብታቃጥል ነው፣ አንድ ለስላሳ ማለት ነው። እንቅስቃሴ ዋጋው ሚታየው የቀነሱትን በመጠበቅ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ 13.6 ኪሎና ከዛ በላይ ቀንሰው ቢያንስ ለዓመት ያቆዩ ሰዎች ሚመዘገቡበት ብሔራዊ መዝገብ አለ፣ እዛ ካሉት 90 ከመቶዎቹ በቀን በአማካይ አንድ ሰዓት ይንቀሳቀሳሉ፣ አብዛኛው ደግሞ እግር ጉዞ ነው። 10 ሺህ እርምጃ ሚባለው ቁጥር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው፣ ከሐኪም አይደለም፣ ስለዚ 6 ሺህ ላይ ቀረሁ ብላችሁ አትዘኑ፣ ትናንት 3 ሺህ ከነበራችሁ 4 ሺህ ትልቅ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ያለ ደግሞ ደረጃው ራሱ ስፖርት ነው፣ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ሚሮጡትን አይታችሁ አለመነሳሳት ከባድ ነው። ውጪ ያላችሁት ችግሩ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። አሜሪካ ኡበር ወይ ትራክ ምትነዱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣችሁ ነው ምትውሉት፣ ዲሲ ያለው ወንድሜ መኪና ውስጥ ቺፕስ ማስቀመጥ ትቶ ቆሎ በትንሽ ላስቲክ መዝኖ መያዝ ከጀመረና ነዳጅ በሚቀዳበት ቁጥር 10 ደቂቃ መራመድ ከጀመረ በኋላ ነው ሱሪው የሰፋው። መዝኖ ያልኩትን ልብ በሉ፣ ቆሎም ኦቾሎኒ ሲበዛበት ካሎሪው ከባድ ነው። አረብ ሀገር ሰው ቤት ምትሰሩ እህቶቼ ደግሞ ሚበላውን እናንተ አይደላችሁም ምትመርጡት፣ እግራችሁም ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው ሚውለው፣ ለእናንተ የእግር ጉዞ ምክር ስድብ ነው፣ የሌሊቱን የተረፈ ሩዝ ማሳነስና ጣፋጭ ሻዩን መቀነስ ብቻ ይበቃል።

ከእግር ጉዞው ጋር በሳምንት ሁለቴ ጡንቻ ሚያሰራ ነገር ጨምሩ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሳት 15 ጊዜ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ 2 ሊትር ውሃ ሁለት ሃይላንድ ይዞ ማንሳት። ያለዚያ ሚቀንሰው ኪሎ ስብ ብቻ አይሆንም፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል።

ማቅጠኛ ሻይ፣ ክኒን፣ መርፌ

ሻዩን በአጭሩ፣ አትግዙ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሴና ሚባል ሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፣ ምግብ ካሎሪው ሚመጠጠው ትንሹ አንጀት ላይ ስለሆነ ሻዩ ትልቁ አንጀት ላይ ሲደርስ ነገሩ አልፏል፣ ሚወጣው ውሃ ነው፣ ሚዛኑ ይወርዳል ስቡ ቁጭ ብሏል። ስሙ ማይታወቅ ክኒን ደግሞ ከዛም ይብሳል፣ ከተፈጥሮ ዕፅ የተሰራ ተብለው ሚሸጡ አንዳንድ ማቅጠኛዎች ውስጥ ሲቡትራሚን ተደብቆ ተገኝቷል፣ ይሄ መድሃኒት ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ከገበያ የወጣ ነው።

መርፌው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከሻዩ ጋር አንድ ላይ አትጨፍልቁት። ሴማግሉታይድ ሚባለው፣ ለስኳር ኦዘምፒክ ለክብደት ዌጎቪ ተብሎ ሚሸጠው፣ ጥናቱ ላይ በ68 ሳምንት በአማካይ ወደ 15 ከመቶ አስቀንሷል። ክብደቱ በሽታ ላይ ለጣለው ሰው፣ በሐኪም ክትትል፣ አላፍርበትም፣ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ልታውቁት ሚገባው ካቆሙ በኋላ በዓመቱ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው እንደተመለሰ ነው፣ ስለዚ ረጅም ጊዜ ሚወሰድ ነው፣ ዋጋውን ከዛ አንጻር አስሉት። ከማህበራዊ ሚዲያ ሻጭ ደግሞ በፍጹም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ሀሰተኛ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ሚዛን ወይስ ሜትር

እንደ ሰዉ ነው። ሚዛን ላይ ወጥታ ቀኗ ሚበላሽባት እህት አለችኝ፣ ለሷ የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላታል፣ በእምብርት አካባቢ በወር አንዴ። ሴት ከ80 ሳንቲ፣ ወንድ ከ94 ሳንቲ ሲያልፍ የልብና የስኳር አደጋው መጨመር ይጀምራል፣ እሷ ከ97 ወደ 89 ወርዳለች፣ ሚዛን ሳታይ። እኔ ሚዛኑን መርጫለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ሳልበላ፣ ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ ያለ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ቅድም ያነሳሁት የአሜሪካኖቹ መዝገብ ላይ ካሉት ሰዎች 75 ከመቶዎቹ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይመዘናሉ። የወር አበባ ሰሞን፣ ወይ ጨው የበዛበት ከበላሁ ማግስት አንድ ኪሎ ሊጨምር ይችላል፣ ውሃ ነው፣ ስለዚ አንድ ቅዳሜን አላምንም፣ ተከታታይ ሦስት ቅዳሜ ከወጣ ግን አምናለሁ።

ሁሉንም በአንዴ አትጀምሩ። ለንደን ውስጥ በተደረገ ጥናት አንድ ትንሽ ልማድ ሳይታሰብበት ሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ነው የፈጀው፣ ለአንዳንዱ 18 ቀን ለአንዳንዱ ከ8 ወር በላይ። እኔ ዘይቱን ብቻ ይዤ 2 ወር ሄጄ ነው ስኳሩን የጨመርኩት፣ እግር ጉዞው በ5ኛው ወር ነው የመጣው።

ሰው ደግሞ ይናገራል፣ ተዘጋጁ። እኛ ሀገር «ወፈርሽ» ምርቃት ነው፣ ከስቶ የተገኘ ሰው ወይ ታሟል ወይ ቸግሮታል። አክስቴ ለቅሶ ቤት ይዛኝ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ፣ ደም ምርመራ አድርገሻል?» ብላ ልታለቅስ ደርሳ ነበር፣ እጇን ይዤ «እትዬ፣ እናቴ ስኳርና ደም ግፊት እንዳላት ታውቂያለሽ፣ እኔ እሱ ሳይመጣብኝ ብዬ ነው፣ ደህና ነኝ» አልኳት። ከዛ ቀን ወዲህ ቤቷ ስሄድ «ብዪ በሞቴ» ማለቷን አልተወችም፣ ግን ምታጎርሰኝን ታሳንስልኛለች፣ ከስጋው በፊትም ሰላጣ ታቀርብልኛለች።

ያለፈው ፋሲካ ሳምንት 2.4 ኪሎ ጨመርኩ። ዶሮው፣ ክትፎው፣ ድፎው፣ ጠላው፣ 4 ቤት ተጠርተን ነበር፣ ሁሉንም በደስታ ነው የበላሁት። ድሮ ቢሆን በማግስቱ ራሴን እቀጣ ነበር፣ ምሳ እዘል ነበር፣ ከዛ ማታ ይብስ ነበር። አሁን ዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ጠዋት ምስር ቀቅዬ፣ ዘይቱን በሲኒ ለክቼ፣ ከታክሲው ፒያሳ ሳይደርስ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። በ5ኛው ቅዳሜ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ከበዓሉ በፊት ከነበረው በ300 ግራም ይበልጥ ነበር።